ረጅም ሥራ አጥነት፦ ተስፋን የሚቆርጠው ምንድን ነው? ከኦስሎ ሊንደበርግ እስከ ጅማ

በኦስሎ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ግሩሩዳለን በሚባለው ሰፊ ሸለቆ የምትገኘው ሊንደበርግ ማለዳ ላይ ፊቷን ወደ መሀል ከተማ ታዞራለች። የ2 ቁጥር የከተማ ባቡር ከኤሊንግስሩዶሰን ተነሥቶ ፉሩሴትን ካለፈ በኋላ በሊንደበርግ ጣቢያ ይቆማል። የጽዳት ሠራተኛውን፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዋን፣ የመጋዘን ሠራተኛውንና ተማሪውን አሳፍሮ በትሮስተሩድና በሃውገሩድ በኩል ወደ መሀል ኦስሎ ይወርዳል። ረፋዱ ላይ ጣቢያው ጭር ይላል።

ከዚያ በኋላ በሠፈሩ ሕንጻዎች ውስጥ የሚቀሩት ጡረተኞች፣ ሕፃን የያዙ ወላጆች፣ ከሌሊት ፈረቃ የተመለሱ ሠራተኞች እና የሚሄዱበት ሥራ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ቀኑ የሚጀምረው ቀላል በሚመስል ጥያቄ ነው፦ ማንም በማይጠብቀኝ ቀን ለምን ልነሣ?

ሥራ ባጡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥያቄው እምብዛም አያስጨንቅም። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ስልክ ይደወላል፣ ዘመድ ወዳጅ ይጠየቃል። ወራት እየተቆጠሩ ሲሄዱ ግን ጥያቄው ይከብዳል። ከዘመድም ከወዳጅም የሚሰነዘረው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «በርታ»፣ «አይዞሽ»፣ «ተስፋ አትቁረጡ»። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም በውስጡ አንድ ግምት አለ፤ ይኸውም ተስፋውን የሚቆርጠው ሥራ ያጣው ሰው ራሱ ነው የሚል ነው።

ከኦስትሪያ እስከ ጅማ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ኦስሎ የተካሄዱ ጥናቶች የሚያሳዩት ሥዕል ከዚህ ይለያል። የሥራ ፈላጊ ተነሳሽነት በአብዛኛው የሚሟጠጠው ጥረቱ ለረጅም ጊዜ መልስ ሲያጣ ነው። የሚያገግመውም ቀኑን የሚያሲዝ መርሐ ግብር፣ የሚጠብቀው ሰው እና ችሎታውን የሚመሰክርለት ነገር ሲያገኝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ቅርብ፣ በሩ ሩቅ

ሊንደበርግ የምትገኝበት አልና ክፍለ ከተማ ወደ 50,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች አሉት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሌላ አገር የመጡ አልያም ኖርዌይ ውስጥ ከመጤ ወላጆች የተወለዱ ናቸው። የሸለቆው የመኖሪያ ሕንጻዎች በብዛት የተሠሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት፣ ኦስሎ የመኖሪያ ቤት ችግሯን ለማቃለል በምትጥርበት ወቅት ነበር።

ግሩሩዳለን የመኝታ ሠፈር ብቻ አይደለም። የኖርዌይ ትልቁ የባቡር ጭነት ማዕከል አልናብሩ እዚያው አልና ውስጥ ነው። ዙሪያውም መጋዘኖች፣ የጭነት ድርጅቶችና አውደ ጥናቶች ሞልተውበታል። ለሥራ ፈላጊው ነዋሪ ሥራ በቅርብ ይታያል ማለት ነው። ወደ ሥራው የሚያስገባው በር ግን ቢያንስ ሦስት መቀርቀሪያዎች አሉት።

የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ብዙ ቀጣሪዎች ከመነጋገር ባለፈ ሪፖርት የሚጽፍና የደኅንነት መመሪያ የሚያነብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው የትምህርት ማስረጃ ነው። ለምሳሌ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጪ የተማረች ነርስ በሙያዋ ለመሥራት የቋንቋ ፈተና፣ ተጨማሪ ኮርሶችና የሙያ ፈተና ይጠበቁባታል። ይህ ሁሉ እስኪሟላ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ልምዷ ይሻግታል።

ሦስተኛው መቀርቀሪያ ሥራ ፈላጊው በትጋት ሊያነሣው የማይችለው ነው። በ2012 አርንፊን ሚትበየንና ዮን ሮግስታድ የተባሉ ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች 1,800 የፈጠራ ማመልከቻዎችን በጥንድ በጥንድ አዘጋጅተው ለ900 ክፍት የሥራ ቦታዎች ላኩ። በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ ያሉት ማመልከቻዎች በትምህርትም በልምድም ተመጣጣኝ ነበሩ። ልዩነታቸው ስሙ ነበር፤ አንዱ ኖርዌያዊ፣ ሌላው ፓኪስታናዊ የሚመስል ስም ይዟል። የውጭ ስም የያዘው አመልካች ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድሉ በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ግኝት ተነሳሽነትን በተመለከተ አንድ ቁም ነገር ይዟል። አሥር ማመልከቻ ልኮ ያልተጠራ ሰው ራሱን «ምን ጎድሎኝ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ከዝምታው ውስጥ የተወሰነው ክፍል ከእርሱ ጉድለት ጋር የማይገናኝ መሆኑን ማወቅ፣ መሻሻል ያለበትን ከማይቻለው ለመለየት ይረዳል። ዝምታውን ሁሉ በራሱ ላይ የሚጭን ሰው ቶሎ ይሰበራል። ሁሉንም በአድልዎ የሚያሳብብ ሰው ደግሞ ሊያስተካክለው የሚችለውን የማመልከቻ ደብዳቤ እንደነበረ ይተወዋል።

ጊዜ ራሱ ሲከስስ

የኖርዌይ የሥራና የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ናቭ አንድን ሰው «ለረጅም ጊዜ ሥራ ያጣ» የሚለው በተከታታይ 26 ሳምንታት ሥራ ሳያገኝ ሲቀር ነው። በዓለም አቀፍ ንጽጽር የተለመደው መለኪያ አንድ ዓመት ነው። መስመሩ የትም ይሰመር፣ ከሱ ባሻገር የሚጠብቀው ችግር ተመሳሳይ ነው፤ የቆይታው ርዝመት በራሱ በሥራ ፈላጊው ላይ ማስረጃ ሆኖ መቅረብ ይጀምራል።

በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ወደ 12,000 የሚደርሱ የፈጠራ የሥራ ማመልከቻዎችን በ100 የአገሪቱ ትላልቅ ከተሞች ለወጡ 3,000 ገደማ ክፍት ቦታዎች ላኩ። አመልካቾቹ የሚለያዩት ያለ ሥራ በቆዩበት ጊዜ ነበር። ስምንት ወር ያለ ሥራ የቆየው አመልካች አንድ ወር ብቻ ከቆየው ጋር ሲነጻጸር የመጠራት ዕድሉ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ትልቁ ማሽቆልቆል የታየውም በእነዚያ የመጀመሪያ ስምንት ወራት ነበር።

ከጎረቤት ስዊድን የተገኘው ውጤት ግን ለተስፋ ቦታ ይተዋል። ስቴፋን ኤሪክሶንና ዳን-ኦሎፍ ሩት በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ሙያ ሥራዎች ቀጣሪዎች አመልካቹ በወቅቱ ለዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ሥራ አጥ ከሆነ እንደሚሸሹት አረጋገጡ። በቀደሙት ዓመታት ሥራ አጥቶ የነበረና ከዚያ በኋላ የሠራ ሰው ላይ ግን ይህ አልታየም። የኋለኛው የሥራ ልምድ የቀደመውን ክፍተት ይሸፍነዋል ማለት ነው። ስለዚህ ለጊዜው የተገኘች፣ ከሙያው ዝቅ ያለች ሥራ እንኳ ከምትከፍለው ደመወዝ ያለፈ ዋጋ ሊኖራት ይችላል፤ የሚቆጥረውን ሰዓት ታቆመዋለች።

ሰዓት የማይታሰርበት መንደር

ሥራ ሲጠፋ ከደመወዙ ጋር አብሮ የሚጠፋው ምንድን ነው? ጥያቄውን በጥልቀት ከመረመሩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ በቪየና አቅራቢያ በምትገኘው ማሪየንታል የተካሄደው ነው። የመንደሯ ነዋሪ ኑሮውን የመሠረተው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ ነበር። ፋብሪካው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መባቻ ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር የነዋሪውን ሕይወት አጥንተው በ1933 መጽሐፍ አሳተሙ።

ተመራማሪዎቹ ሥራ ያጣው ሕዝብ ለአመፅ ይነሣ እንደሆነ ማወቅ የሚሹ ነበሩ። ያገኙት ግን ድንዛዜን ነበር። ሰዎቹ ጊዜ ቢተርፋቸውም ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ያውም ክፍያው ቀርቶላቸው። ወንዶቹ በመንገድ ላይ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ደጋግመውም ይቆሙ ነበር። አብዛኞቹ የእጅ ሰዓት ማሰር ትተዋል። ልጅ ማሳደግና ቤት ማስተዳደር የነበረባቸው ሴቶች በበኩላቸው በፍጥነት ይራመዱ ነበር። ሴቶቹም የፋብሪካ ሥራ አጥተዋል፤ ቀናቸውን የሚይዝላቸው ግዴታ ግን አልተወሰደባቸውም።

ያሆዳ ከዓመታት በኋላ ትምህርቱን በአምስት ነጥቦች ጠቀለለችው። ሥራ ከደመወዝ ሌላ ለቀን ቅርጽ ይሰጣል፣ ከቤተሰብ ውጪ ካሉ ሰዎች ጋር ያገናኛል፣ ከራስ ለሚበልጥ ዓላማ ያሰልፋል፣ በማኅበረሰብ ውስጥ ቦታና ማንነት ያጎናጽፋል፣ በመደበኛነት እንድንቀሳቀስም ያስገድዳል። አበል የደመወዙን ከፊል ሊተካ ይችላል፤ እነዚህን አምስቱን ግን አይተካም። ካርስተን ፖልና ክላውስ ሞዘር በ2009 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው የደረሱበት ውጤትም ይህንኑ ያጠናክራል። ሥራ ካጡት መካከል የአእምሮ ጤና ችግር የታየባቸው በአማካይ 34 በመቶ ሲሆኑ፣ ሥራ ካላቸው ግን 16 በመቶ ነበሩ።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለው የአማርኛ ተረት ብዙ ጊዜ ለፌዝ ይጠቀሳል። ከማሪየንታል አንጻር ሲታይ ግን መነኩሴው ለራሱ ሥራ እየፈጠረ ነው። የሚያሳዝነው ቆቡን መቅደዱ ሳይሆን የሚሰፋለት ሌላ ሰው ማጣቱ ነው።

ይሉኝታ አገር ሲቀይር

በኢትዮጵያ ከተሞች ረጅም ሥራ አጥነት አዲስ ነገር አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ፒተር ሰርኔልስ በ1990ዎቹ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ባደረገው ጥናት፣ ሥራ አጥ የሆኑ ወጣት ወንዶች በአማካይ አራት ዓመት ገደማ ያለ ሥራ ይቆዩ እንደነበር አሳይቷል። ከእነርሱም ብዙዎቹ የተማሩና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ የሚጠብቁ ነበሩ።

አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ዳንኤል ሜይንስ በጅማ ከተማ ከእንዲህ ዓይነት ወጣቶች ጋር ረጅም ጊዜ አሳልፎ በ2012 ላሳተመው መጽሐፍ ርእስ ያደረገው እነርሱው የሚሉትን ቃል ነው፤ «ተስፋ መቁረጥ»። ወጣቶቹ ጊዜው አልገፋ ብሏቸው ነበር። የጓደኛ ጨዋታ፣ ጫትና ፊልም ቀኑን ያስመሹታል፤ ግን ቀኑ ከትናንቱ የማይለይ፣ ወዴትም የማያደርስ ነበር። በከተማው ሊሠሩ የሚችሉ ዝቅተኛ ሥራዎች ነበሩ። ከእነዚያ ያራቃቸው አንዱ ምክንያት ሜይንስ በሰፊው የተነተነው ይሉኝታ ነው፤ ጎረቤት ምን ይላል፣ ቤተሰብ ያፍርብኛል የሚለው ፍርሃት። እነዚያው ወጣቶች ወደ ውጭ አገር ቢሄዱ ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ እንደሆኑ ይናገሩ ነበር፤ እዚያ የሚያያቸው ሰው የለምና።

የሊንደበርግ ኑሮ ይህን ግምት በከፊል ያረጋግጠዋል፣ በከፊል ያፈርሰዋል። በኦስሎ መምህር የነበረ ሰው ሆቴል ቢያጸዳ፣ መሐንዲስ የነበረ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ቢደረድር የሚደንቀው ጎረቤት የለም። ይሉኝታው ግን አልጠፋም፤ ቦታና ምክንያት ቀይሯል። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ውጭ ያለውን ልጁን ሠራተኛና ገንዘብ ላኪ አድርጎ ነው የሚያስበው። ሥራ መፍታቱን ለእናት መንገር አንዳንዴ ለናቭ ከመንገር ይከብዳል። ከዚህ የተነሣ ስልክ ሲደወል አለማንሣት፣ ከማኅበር መቅረት፣ «አሁንስ የት ነው የምትሠራው?» የሚል ጥያቄ የማይቀርበትን ሠርግና ክርስትና መሸሽ ይከተላል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ከሥራ ባልደረቦቹ ተለይቷል። በይሉኝታ ምክንያት ከወገኖቹም ሲርቅ ያሆዳ ከዘረዘረቻቸው ነገሮች በእጁ የቀረውን የመጨረሻውን፣ የሰዎችን ግንኙነት፣ በራሱ እጅ ይለቃል። ለወላጅ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እውነቱን መናገር ከሥነ ምግባር ጥያቄ በላይ ነው፤ ኃይልን ከመደበቅ ወደ መፈለግ ማዞር ነው።

ናቭ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ኖርዌይ ሥራ ላጣ ሰው ከብዙ አገሮች የተሻለ ድጋፍ አላት። በ2006 የቀድሞውን የሥራና ሠራተኛ መሥሪያ ቤት፣ የማኅበራዊ ዋስትናውን ተቋምና የአካባቢ መስተዳድሮችን የማኅበራዊ አገልግሎት አቀናጅቶ የተቋቋመው ናቭ፣ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሥራ አጥ «ዳግፔንገር» የተሰኘ አበል ይከፍላል። መጠኑ በመደበኛነት የቀድሞ ገቢ 62.4 በመቶ ሲሆን፣ የሚሰላበት ገቢ ጣሪያ አለው። የሚቆይበት ጊዜ እንደ ቀድሞ ገቢው መጠን 52 ወይም 104 ሳምንት ነው።

ለአበሉ ብቁ ለመሆን ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ የአገሪቱን የመነሻ ስሌት መጠን አንድ ተኩል እጥፍ፣ አልያም ባለፉት 36 ወራት ሦስት እጥፉን ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ የመነሻ መጠን በየዓመቱ የሚስተካከል ሲሆን ከግንቦት 2025 ጀምሮ 130,160 ክሮነር ነበር። አዲስ መጤዎችና ቁርጥራጭ ሥራ ሲሠሩ የቆዩ ሰዎች መስፈርቱን ላያሟሉ ይችላሉ። ለእነርሱ የሚቀረው የማኅበራዊ ድጎማ፣ ወይም እንደ ሁኔታው ወደ ሥራ የሚያበቃ የሥልጠና መርሐ ግብር ነው።

አበል ተቀባዩ በየ14 ቀኑ «ሜልደኮርት» የተባለውን ቅጽ ይሞላል። ሠርተሃል? ታመሃል? ኮርስ ወስደሃል? ሥራ ፈላጊ ሆነህ መመዝገብህን መቀጠል ትሻለህ? የሚሉ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ቅጹ ለክፍያ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ስንት ማመልከቻ እንደተጻፈ፣ ስንቱ ያለ መልስ እንደቀረ፣ ሰውየው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን እንደተማረ አይጠይቅም። ቅጹን ዋና የሥራ ፍለጋው መዝገብ ያደረገ ሰው በየ14 ቀኑ ያው ባዶ ገጽ ይመለስበታል። የራሱን መዝገብ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

ሥራ አጥነት የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ኦስሎም የተቀበለችው ይመስላል። መንግሥትና የከተማው አስተዳደር በ2007 በግሩሩዳለን የጀመሩት የጋራ የልማት መርሐ ግብር ሁለተኛው ዙር ከ2017 እስከ 2026 የተያዘ ሲሆን፣ ከሦስቱ ምሰሶዎቹ አንዱ የሥራ ስምሪት ነው። ሌሎቹ የመኖሪያ አካባቢን ማሻሻል እንዲሁም የልጆች አስተዳደግና ትምህርት ናቸው።

የሚሠራው ምንድን ነው?

ሥራ ፈላጊዎችን ለመርዳት ከተሞከሩት ዘዴዎች በጥብቅ ከተፈተኑት አንዱ በ1980ዎቹ በአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተቀረጸ የአምስት ግማሽ ቀን የቡድን ሥልጠና ነው። ተሳታፊዎቹ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ ይለማመዳሉ። ከዚያም የሚገጥማቸውን እምቢታና ዝምታ አስቀድመው ይገምታሉ፤ ያ በሆነ ማግሥት ምን እንደሚያደርጉም ይወስናሉ። እንደ ክትባት ማለት ነው፤ ጥቂቱን ቀድሞ መቅመስ ብዙውን ለመቋቋም ያዘጋጃል። ዘዴው ወደ ፊንላንድ ተወስዶ እዚያም ተሞክሯል።

በ2014 ሶንግቺ ልዩና ባልደረቦቹ 47 የዚህ ዓይነት ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው፣ በሥልጠና የታገዙ ሥራ ፈላጊዎች ሥራ የማግኘት አንጻራዊ ዕድላቸው ካልታገዙት 2.67 እጥፍ ሆኖ አገኙት። ከቁጥሩ ይበልጥ ልብ የሚባለው ግን ቅድመ ሁኔታው ነው። ውጤት ያስገኙት ክህሎትንም መነሳሳትንም አንድ ላይ የያዙት መርሐ ግብሮች ነበሩ። «በርታ» ብሎ እንዴት እንደሚበረታ ያላሳየም፣ የማመልከቻ አጻጻፍ አስተምሮ የወደቀውን ልብ ያላነሣም ሥልጠና ብዙም አልፈየደም።

የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ኤድዊን ፋን ሆፍትና ኸራ ኖርድዜይ በ2009 ያወጡት ሙከራም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ሥራ ፈላጊዎቹ «ብቃቴን ላስመስክር» ከሚለው ግብ ይልቅ «ከዚህ ምን ልማር?» በሚለው ላይ እንዲያተኩሩ ሲሠለጥኑ፣ ከወራት በኋላ ብዙዎቹ ሥራ አግኝተው ተገኙ። «በዚህ ወር ሥራ አገኛለሁ» የሚለው ግብ በቀጣሪው እጅ ነው። «በዚህ ሳምንት ሦስት ማመልከቻ እልካለሁ፣ አንድ ቀጣሪ በስልክ አነጋግራለሁ፣ ያልተሳካውን ደብዳቤ ኖርዌይኛ ለሚችል ሰው አስነብባለሁ» የሚለው ግን በራስ እጅ ነው። በሳምንቱ መጨረሻም «ተሳክቷል» ተብሎ ሊሰረዝ ይችላል።

ከሁሉም ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ማስረጃ ከአዲስ አበባ የተገኘ ነው። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያ፣ ማርሴል ፋፍሻምፕ፣ ሳይመን ፍራንክሊንና ባልደረቦቻቸው በመዲናዋ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን በቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን ወደ መሀል ከተማ እየተመላለሰ ማስታወቂያ እንዲያይ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው ስለ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ ሥልጠና ወሰደ፤ ችሎታው በፈተና ተመዝኖም ምስክር ወረቀት ተሰጠው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ደብዝዞ፣ ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ያገኙት የተሻለ ገቢና በሥራቸው የተሻለ እርካታ እንዳላቸው ታየ።

ይህ ለሊንደበርግ ነዋሪ ምን ይነግረዋል? ወጣቶቹ ከመጀመሪያውም ችሎታ ነበራቸው፤ የጎደላቸው የማያውቃቸው ቀጣሪ የሚያምነው ምስክር ነበር። በኖርዌይ ይህ ምስክር የቋንቋ ፈተና ውጤት፣ ዕውቅና ያገኘ ዲፕሎማ፣ የፎርክሊፍት ፈቃድ፣ ወይም በስልክ ሲጠየቅ «አውቀዋለሁ፣ በሰዓቱ ይመጣል» የሚል ኖርዌያዊ ዋቢ ሊሆን ይችላል። ያለ ሥራ ያለፉት ወራት ከእነዚህ አንዱን ካስገኙ ባክነዋል ማለት አይቻልም።

ደቦና ዱግናድ

ዋቢው ከየት ይገኛል? ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ አዲስ መረጃ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን እምብዛም ከማንገናኘው ሰው መሆኑን አመለከተ። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው። ከ20 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2022 የታተመ ሙከራም በመጠኑ የላላ ትውውቅ ለሥራ ዝውውር ይበልጥ እንደሚረዳ አረጋግጧል።

የኢትዮጵያውያን እቁብ፣ እድርና ማኅበር የጠበቀ ዝምድና ነው። በክፉ ቀን ሰውን ይሸከማል፤ ያለ እርሱም ረጅም ሥራ አጥነትን መቋቋም አዳጋች ነው። ነገር ግን ሁሉም አባላት በተመሳሳይ የሥራ ዘርፍ ከተሰማሩ፣ የሚያመጡትም የሥራ ወሬ ተመሳሳይ ነው። ሌላውን በር የሚያንኳኳ ሌላ ትውውቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ደግሞ የኖርዌይ ባህል ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ያልሆነ መግቢያ አለው። ነዋሪዎች በተለይ በፀደይ ወቅት ተሰባስበው የሕንጻቸውን ግቢ የሚያጸዱበት፣ አጥር የሚቀቡበት «ዱግናድ» ከደቦ ጋር መንትያ ነው ማለት ይቻላል። ማንም ደመወዝ አይከፈለውም፤ መጥረጊያና መጥበቂያ ይዘው የሚያወሩ ጎረቤቶች ግን ይተዋወቃሉ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጇቸው የቋንቋ ካፌዎች፣ የልጆች የእግር ኳስ ቡድን ወላጆች፣ የበጎ ፈቃድ ድርጅቶችም እንዲሁ ናቸው። አበል የሚቀበል ሰው የበጎ ፈቃድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአበሉ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ናቭን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይመረጣል።

እንዲህ ያለው ተሳትፎ ሥራ ባያስገኝ እንኳ ማሪየንታል ያጣችውን ይመልሳል፤ ረቡዕን ከሐሙስ የሚለይ ቀጠሮ፣ ቢቀር «የት ጠፋህ?» የሚል ሰው።

የአይዞህ ድንበር

ይህ ሁሉ ሲባል ማስጠንቀቂያም ያስፈልጋል። በቀን ስምንት ሰዓት ማመልከቻ መጻፍ ተነሳሽነት አይደለም፤ ቶሎ የሚያቃጥል እሳት ነው። ሥራ ፍለጋ ለጠዋቱ የተወሰነ ሰዓት ተሰጥቶት ቀሪው ለትምህርት፣ ለእግር ጉዞ፣ ለልጆችና ለሰው ቢከፋፈል ረጅሙን መንገድ ያስኬዳል። በተለይ በኖርዌይ ክረምት ብርሃን ባለበት ጊዜ ከቤት መውጣት ራሱን የቻለ ተግባር ነው።

እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ቀድሞ ያስደስት የነበረው ነገር ሁሉ ከደበተ፣ ወይም ሕይወት ትርጉም የለሽ ሆና ከታየች ጉዳዩ ከተነሳሽነት አልፏል። ያኔ የሚያስፈልገው የሕክምና እርዳታ ነው። በኖርዌይ የመጀመሪያው በር የቤተሰብ ሐኪሙ ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ ከሥራ ፈላጊነት መውጣት አይደለም፤ ብዙዎችን ወደ ፍለጋው የሚመልሳቸው እርሱ ነው።

ለቤተሰብና ለወዳጅም የሚተርፍ ትምህርት አለ። ሥራ ላጣ ሰው «አገኘህ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ለወራት አንድ ነው፤ በተጠየቀ ቁጥርም ያቆስላል። «በዚህ ሳምንት ምን ሞከርክ? ደብዳቤውን አብረን እንየው?» የሚለው ግን መልስ አለው። የሥራ ቦታ ያለው ደግሞ ከዚህም በላይ ማድረግ ይችላል፤ ስም መጥቀስ፣ ዋቢ መሆን፣ ለአለቃ አንድ ቃል ጣል ማድረግ።

ማምሻውን የ2 ቁጥር ባቡር ማለዳ የወሰዳቸውን ሰዎች ወደ ሊንደበርግ ይመልሳል። ከእነርሱ መካከል በአንድ ወቅት ረፋዱን በመስኮት ሲመለከቱ ያሳለፉ አይጠፉም። ቀጣሪዎች ያንን ዘመን ይቅርና ማስታወስ፣ የኋለኛውን ሥራ ካዩ በኋላ እንደማይቆጥሩት የስዊድኑ ጥናት አሳይቷል። ዛሬ ጠዋት በቤቱ ለቀረው ሰው ግን ጥናት ብቻውን አይበቃውም። ነገ የሚጠብቀው አንድ ቀጠሮ፣ አንድ ሰው፣ አንድ መልስ ያስፈልገዋል። ተስፋ የሚቆረጠው እነዚህ ሲጠፉ ነው፤ የሚቀጠለውም በእነዚሁ ነው።